«ያለ» ሲላላ

በእጇ ሰጥታ በአፏ የምትቀበል ሴት የሌለችበት ሰፈር የለም። አለ የሚል ካለ፣ ሰፈሩ ገና ሰው አልገባበትም ማለት ነው። ስትታመሙ ቀድማ የምትደርስላችሁ እሷ ናት፤ ሻል ሲላችሁ ደግሞ የታመማችሁት በራሳችሁ ጥፋት እንደሆነ ቀድማ የምትነግራችሁም እሷው ናት። ዳቦዋ ለስላሳ ነው፤ ሲያኝኩት ጠጠር አያጣም።

የዚህችኛዋ ስም «እትዬ ግን» ነው። ፊት ለፊት ማንም እንዲህ ብሎ አይጠራትም። ፊት ለፊት «እትዬ» ብቻ ናት፤ «ግን» የምትጨመረው በሩን ዘግታ ከወጣች በኋላ ነው። ባሏ በልብስ ስፌት ሱቋ ውስጥ ልብስ የሚተኩስላትና ቁልፍ የሚተክልላት ረጋ ያለ ሰው ነው፤ እሱም በበኩሉ «ጋሼ ካውያ» ይባላል። የሚስቱን ቅጽል ስም ማን እንዳወጣው በተጠየቀ ቁጥር አላውቅም ብሎ ሲምልና ሲገዘት ኖሯል። ያወጣው ራሱ ነው።

ክብርት እትዬ ግን ክፉ ሴት አይደለችም። ይህ መጀመሪያ ይታወቅልን። ክፉ ብትሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር፤ ሰው ይሸሻትና ይገላገል ነበር። ችግሩ ደግነቷ እውነተኛ መሆኑ ነው። እንደምትሰፋው ኮት፣ ከላይ ምሕረት ነው፣ ገበሩ ተግሣጽ ነው፤ ገበሩን ትቼ ኮቱን ብቻ ልልበስ ማለት አይቻልም።

ጎረቤታቸው ጡረተኛው መምህር ጉንፋን ይዞት የተኛ ጊዜ የሆነውን ሰፈሩ አይረሳውም። እትዬ ግን በሁለት እጇ ሳህን ይዛ በሩን በክርኗ ገፋ አድርጋ ገባች።

«ሾርባው ይኸው፣ በትኩሱ ይጠጡት» አለች፤ ትራሱንም ከፍ አድርጋ አደላደለችለት። «ግን በዚህ ዕድሜ መስኮት ከፍቶ መተኛት ምን የሚሉት ጀግንነት ነው?»

መምህሩ በማግስቱ ተነሥቶ ወጣ። ያዳነኝ ሾርባው አይደለም፣ ሁለተኛ ሳህን እንዳይመጣ መፍራቴ ነው ይላል እስከ ዛሬ።

ዝናብ ያበሰበሳትን የዳቦ ቤቷን ልጅ አስቁማ የራሷን ዣንጥላ ሰጠቻት፤ «ግን ቀና ብለሽ ሰማዩን ሳታዪ ከቤት የምትወጪው ምን ነክቶሽ ነው?» አለቻት። ልጅቷ ጥቂት ራመድ እንዳለች ዣንጥላውን አጥር ላይ ሰቅላ፣ ዝናቡ ይሻለኛል ብላ ሄደች። ባሏ የሞተባትን ሴት አቅፋት ስታለቅስ ውላ፣ ቤቷን ጠርጋ፣ ዕቃዋን አጥባ፣ ልትወጣ ስትል በር ላይ ቆም አለች። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለቻት። «ግን ሐኪም ቤት ቀይሩ ብያችሁ ነበር።» ያን ዕለት ጋሼ ካውያ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው ነበር። እሷ ግን ምን እንዳጠፋች አልገባትም፤ እውነት ነዋ የተናገረችው።

ጌታም ቢሆን ከዚህች ቃል አላመለጠም። በጸሎት ኅብረቱ ተራዋ ሲደርስ ዓይኗን ጨፍና፣ «ጌታ ሆይ፣ ስለ ዝናቡ እናመሰግንሃለን» ትላለች። ሰው ሁሉ አሜን ሊል አፉን ሲከፍት፣ «ግን ጣራችን እንደሚያፈስ አንተም ታውቃለህ» ብላ ትቀጥላለች።

ሱቃቸው አንድ ክፍል ነው። በመስኮቱ በኩል እሷና የስፌት መኪናዋ፣ በጓሮው በኩል እሱና ካውያው፣ መሐል ላይ ጨርቅ የሚቆረጥበት ረጅም ጠረጴዛ። ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደ ሐኪም መሣሪያ ተንጠልጥሎ ይውላል። በሙያዋ እንከን የሚያወጣላት የለም፣ አንዲት ግትርነት ብቻ አለችባት። ሌላው ሰፊ ጨርቅ ለመቆጠብ ጥግ ጥጉን ጠርጎ ይቆርጣል፤ እሷ በጎንና በጎን ስፌት ውስጥ አራት ጣት የሚሆን ትርፍ ሳታስቀር አትሰፋም።

«ጨርቅ ይባክናል እኮ» ይላል ደንበኛው።

«ሰው ባለበት አይቆምም» ትላለች። «ዛሬ ቀጭን ነህ፤ ነገ የሚሆነውን ማን ያውቃል? ያኔ ልብሱን ጥለህ ሌላ ከምትገዛ ይህን ፈትተን እናሰፋልሃለን። ግን እራት ላይ ረጋ ብትል ምን ይልሃል?»

ሰው ባለበት አይቆምም። ይህቺን አባባል የሰማ ሁሉ ስለ ውፍረት የተነገረች ይመስለዋል። እሷም ብትሆን ከዚያ ያለፈ ትርጉም እንዳላት አስባ የምታውቅ አይመስልም።

ጋሼ ካውያ ደግሞ አንዲት ኩራት አለችው። ስለ ውፍረት በተነሣ ቁጥር ካውያውን አስቀምጦ፣ ሆዱን ሰብስቦ፣ ቀበቶውን በአውራ ጣቱ ሳብ ያደርግና «እኔ ይኸው ከሠርጌ ቀን ጀምሮ ወገቤ ንቅንቅ አላለም፤ ያኔ የሚሆነኝ ሱሪ ዛሬም ልክ ነው» ይላል። መንገደኛውን ሳይቀር አስቁማ «ወፍረሃል፣ ግን በጤና ነው?» የምትለዋ እትዬ ግን በዚህ ጊዜ አንዲት ቃል አይወጣትም። ድንገት መርፌዋ ውስጥ ክር ለማስገባት ታቀረቅራለች።

ከዚህ ሱቅ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ወዲያ፣ «ዘመናዊ ልብስ ስፌት» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። የሱቁ ባለቤት «ማዶ» ትባላለች። ይህን ስም ያወጣችላት እትዬ ግን ናት፤ የልጅቷን ስም በአፏ ላለመጥራት ስትል። ማዶ መርፌ መያዝ ሳታውቅ እዚህ ቤት መጥታ፣ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ሙያ ተምራ፣ እንደ ልጅ በልታ ጠጥታ ያደገች ናት። አንድ ቀን ጠዋት ሳትመጣ ቀረች። ታመመች ወይ ብለው ሲጨነቁ ሰነበቱ፤ ከዚያ ሰሌዳው ተሰቀለ።

ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም። እትዬ ግን የስፌት መኪናዋን ወደ ግድግዳው አዞረችው፤ ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጠች። ጋሼ ካውያ ግን ደንበኛ ራሱን የሚያይበት መስተዋት ቦታ መቀየሩን አስተውሏል። ከአዲሱ ቦታው ሆኖ የሚያሳየው የደንበኛን ልብስ ሳይሆን የማዶን በር ነበር። «ዛሬ አርፍዳ ከፈተች» ትላለች ሚስቱ ለግድግዳው። «ያን ሹራብ ሳትደርብ ወጣች፤ ሊበርዳት ነው።» ይባስ ብሎ፣ እትዬ ግን ከጥንት ጀምሮ ስትሰፋው የኖረችውን የመዘምራኑን ልብስ የዘንድሮው ሰብሳቢ ለማዶ ሰጠ። ያን ቀን ለግድግዳውም ቢሆን ምንም አላለችም።

እንግዲህ በዚህ መሐል ነው ያ ጨርቅ የተሰቀለው።

የቤተ ክርስቲያናቸው መጋቢ ወሩን ሙሉ ስለ አንድ ነገር ሊሰብክ ወስኖ፣ ሰባኪው ቢረሳም ሕዝቡ እንዳይረሳ ርእሱን በትልቅ ነጭ ጨርቅ ላይ በሰማያዊ ቀለም አስጽፎ ከመድረኩ በላይ ሰቀለው። ጸሐፊው ቦታ ስላልበቃው በሁለት መስመር ነበር የጻፈው፤ ከላይ «ፍቅር ያለ»፣ ከታች «ቅድመ ሁኔታ»።

እትዬ ግን ስብከቱን አልሰማችም። ከኋላ ባለው ክፍል ለእህቶች ብርጭቆ እንዴት እንደሚታጠብ ስታስተምር ነበር። ለመጨረሻው መዝሙር ብቅ ስትል ጨርቁን አነበበችው፤ ደግማ አነበበችው፤ ራሷን ነቀነቀች። ወደ ቤት ሲሄዱ ፊቷ ሁሉ በርቶ ነበር።

«መጋቢው ዛሬ ልቤን አገኘው» አለች።

«በየቱ?» አለ ጋሼ ካውያ በጥርጣሬ።

«ፍቅር ያለ ቅድመ ሁኔታ! እኔ ስል የኖርኩትን። ቅድመ ሁኔታማ ይኑር፤ ብቻ ፍቅር ይኑርበት። ‹ያለበት› ለማለት ‹በት›ን የሚጽፍበት ቦታ አጥሮታል እንጂ ገብቶኛል። ሳይለካ ጀምሮ ነው፤ ሥራው ያስታውቃል።»

ጋሼ ካውያ እስከ ቤት ድረስ ቃሏን በልቡ ሲደጋግም ሄደ። የእሷ «ያለ» ጠብቃ እንደነበር በጆሮው ሰምቷል። ነገሩን ቢተወው ሰላም ነው፤ ቢነግራት ምን እንደሚመጣ አያውቅም። በማግስቱ ግን ሱቅ ውስጥ ቁልፍ እየተከለ፣ ቀና ሳይል ወረወረው።

«ያ ‹ያለ› እኮ ይላላል።»

«ምኑ ነው የሚላላው? ቁልፉ?»

«ቃሉ። አንቺ አጥብቀሽ አነበብሽው። ሲጠብቅ፣ አለ ማለት ነው። ሲላላ፣ የለም ማለት ነው። ያለ ስኳር፣ ያለ ጨው እንደሚባለው። መጋቢው ያለው፣ ያለ ቅድመ ሁኔታ ነው።»

እትዬ ግን የመኪናውን ጎማ በእጇ ያዘችው። «ያለ ስኳር» አለች ቀስ ብላ፣ እንደ ትምህርት ቤት ልጅ። «ያለ ጨው። ያለ…» ጎማውን ለቀቀችው። «ምንም ሁኔታ?»

«ምንም።»

«አንዲት ትንሽ እንኳን?»

«አንዲትም።»

«ለሰካራሙም?»

«ለሰካራሙም።»

«ያን የቤተ ክርስቲያን ወንበር ለሰረቀውም?»

«ለእሱም።»

ዓይኗ ወደ መስተዋቱ ሄደ። በመስተዋቱ ውስጥ ማዶ የሱቋን ደፍ ትጠርግ ነበር። ቀጣዩን ጥያቄ አልጠየቀችም፤ ጋሼ ካውያም ያልተጠየቀውን አልመለሰም።

«መጋቢው ይህን ሲል ሚስቱ ነበረች?» አለች በመጨረሻ።

«ፊት ወንበር ላይ።»

«ምን አለች?»

«አሜን አለች።»

«እንግዲያው አላዳመጠችም» ብላ ስፌቷን ቀጠለች። እሱ ግን ክሩ ደጋግሞ ሲበጠስባት ሰማ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ነገር ሰፈሩን ያስደነገጠ ነው። እትዬ ግን ከ«ግን» ጾመች። ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ ባሏ ያወቀው ቃሏ ስትደናቀፍ ሰምቶ ነው። ለደንበኛ ልጅ የተቀደደ ቦርሳ ሰፍታ ሰጠችና፣ «ውሰጂ የኔ ልጅ፤ ነገር…» ብላ ዋጠችው። «ነገር ግን» ልትል ኖሯል። ጋሼ ካውያ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ምነው?» አለችው ልጅቷ ከሄደች በኋላ። «ግን አላልኩም።»

«ካፖርት ለብሶ ቢመጣም ያው ግን ነው።»

በማግስቱ «ሆኖም»ን ሞከረች፤ ከሰዓት በኋላ «ይሁን እንጂ» አለች። የዳቦ ቤቷ ልጅ ሬዲዮ የተከፈተ መስሏት ዞር ዞር አለች። ብዙ የቆየላት «ብቻ» ነበር። «እንኪ፣ ለወንድምሽ ይሁነው፤ ብቻ…» ትልና የባሏን ዓይን ስታይ ቀሪውን ትተወዋለች። ሁሉም በር ሲዘጋባት አንድ ዘዴ አገኘች፦ እስፒሎቿን በከንፈሮቿ መሐል ነክሳ መዋል። ሰው ሲመጣ ታስተናግዳለች፣ ትሰጣለች፣ ትረዳለች፤ አፏ ግን በእስፒል ተቆልፏል።

ሰፈሩ ተጨነቀ። እትዬ ምን ሆና ነው ተባለ። ጥርሷን ነው ያሉ አሉ፤ አይ፣ የውስጥ ሕመም ነው ያሉ አሉ። በመጨረሻ ጡረተኛው መምህር በሁለት እጁ ሳህን ይዞ በሩን በክርኑ ገፍቶ ገባ።

«ሾርባ ነው፣ በትኩሱ ይጠጡት» አለ። ከዚያ ዙሪያውን ተመለከተ፣ አንድ እርምጃም ወደ በሩ አፈገፈገ። «ግን እትዬ፣ በዚህ ዕድሜ ቀኑን ሙሉ መኪና ላይ ማቀርቀር ምን የሚሉት ጀግንነት ነው?»

ጋሼ ካውያ ሳቁን ለመደበቅ ካውያው ላይ እፍ አለ። ቀና ሲል ሚስቱ አትስቅም ነበር። እስፒሎቿን አውጥታ ሾርባውን ታያለች። ስትሰጥ የኖረችውን ነገር ከተቀባዩ ወገን ሆና የቀመሰችው ያን ዕለት ነው። ሾርባው ጨው በዝቶበት ነበር። እስከ መጨረሻው ጠጣችው፤ ስለ ጨውም አልተናገረችም።

የማዶ ወሬ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። የመዘምራኑ የምሥረታ በዓል እየቀረበ ስለነበር ልጅቷ በጥድፊያ ስትሰፋ የመኪናው መርፌ ሌባ ጣቷን ወጋት። በጨርቅ ጠቅልላ ሥራዋን ቀጠለች፤ ጣቷ አበጠ፤ ሐኪሙም እጇን እንዳለ አሽጎ ሥራ ከለከላት። የሱቁ አከራይ ደግሞ ቦታውን ለስልክ ነጋዴ ለመስጠት ሰበብ ይፈልግ ኖሯል። ይህን ሥራ ከተነጠቀች ኪራዩን መክፈል አቅቷት ሱቁን ትለቃለች ማለት ነው። ይህን ሁሉ የነገራቸው ራሱ የመዘምራኑ ሰብሳቢ ነው፤ ቁጥብና ጥንቁቅ ወጣት፣ ክራቫቱን እያስተካከለ የሚናገር።

«እትዬ» አለ ክራቫቱን እያስተካከለ፣ «ጨርቁን ከማዶ እናንሣውና እርስዎ ጋ ይምጣ። ድሮስ የእርስዎ አልነበር?»

ጋሼ ካውያ ካውያውን ከልብሱ ላይ ማንሣት ረስቶ ሚስቱን አየ። ስንት ጊዜ ስትመኘው የኖረችው ነገር በራሱ እግር መጥቶ ፊቷ ቆሟል። እሷ ምንም መጥፎ ነገር ማድረግ አይጠበቅባትም። እሺ ማለት ብቻ ነው። እሺ ካለች ማዶ የሚለው ስም ከሰፈሩ ይጠፋል፤ መስተዋቱም ወደ ቦታው ይመለሳል።

እስፒሎቿን አንድ በአንድ ከከንፈሯ እየነቀለች ትራሳቸው ላይ ሰካቻቸው።

«እስኪ ጨርቁን ልየው» አለች። ከዚያ አፍንጫዋን አሸተት አድርጋ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ልብሱ እየተቃጠለ ነው» አለችው።

መንገዱን ስትሻገር ከኋላዋ ተከተላት። ለራሷ ታነበንብ ነበር። «መጀመሪያ ይቅርታ ትላለች። ከዚያ ያን ሰሌዳ ታወርዳለች። ከዚያ ለምን እንደሄደች ትነግረኛለች፣ ተቀምጣ ሳይሆን ቆማ። ከዚያ…» መንገዱ ጠባብ ሆነ እንጂ ሰፊ ቢሆን ኖሮ ቅድመ ሁኔታው መጽሐፍ ይወጣው ነበር።

ማዶ ሲገቡ ከመቀመጫዋ ተነሣች። በታሸገው እጇ ወንበር ልትስብላቸው ሞከረች፤ አልሆነላትም። «ይግቡ እትዬ። ጋሼ፣ ይግቡ» አለች፤ ከዚያ ወዴት እንደምታይ ጠፋት። የተቆረጠው ጨርቅ የእያንዳንዱ መዘምር ለየብቻ እየታሰረ ጠረጴዛው ላይ ተከምሯል።

እትዬ ግን ሰላምታ ሳትሰጥ አንዱን እስር ፈታች። ቁራጩን ወደ ብርሃኑ አነሣችው፣ ጠርዙን በጣቶቿ መካከል አሳለፈችው፣ የስፌቱን የጠመኔ መስመር አገኘች። ከመስመሩ እስከ ጠርዙ በጣቷ ለካች። አራት ጣት። ሌላ እስር ፈታች። አራት ጣት።

«ይህን ማን ቆረጠው?»

«እኔ ነኝ።»

«ዘመናዊ አይደለሽም እንዴ? ይህ ሁሉ ትርፍ ምንድን ነው? ጨርቅ ይፈጃል እኮ።»

«ይፈጃል። ሰብሳቢውም ተቆጥቶኛል» አለች ልጅቷ። «ግን እትዬ፣ ሰው ባለበት አይቆምም።»

እትዬ ግን ጨርቁን አልለቀቀችውም።

«እንዲህ ተምረሽ» አለች፣ ድምፅዋ ትንሽ ወርዶ፣ «ደህና ዋይ ማለት አቃተሽ?»

«ልሰናበትዎት በር ድረስ እየመጣሁ እመለስ ነበር።» ማዶ የታሸገ እጇን ትመለከታለች። «እንደሚመርቁኝ አውቃለሁ። ‹ሂጂ፣ ይቅናሽ› ይሉኛል። ከዚያ ‹ግን› ሲሉ፣ ከእሷ በኋላ የሚመጣውን መስማት ፈራሁ። ከእሷ በኋላ የሚመጣው ነው እኮ ቤት ድረስ የሚከተለን።»

ጋሼ ካውያ ወለሉን አየ። ይህ ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ ለሚስቱ ግን ማንም ያልነገራት ነገር ነበር። እሱም ጭምር አልነገራትም፤ በቅጽል ስም ሲስቅበት ነው የኖረው።

እትዬ ግን ጨርቁን እንደያዘች ወንበሩን ራሷ ሳበችና በማዶ መኪና ፊት ተቀመጠች። እግሯ ፔዳሉን ሲፈልግ፣ የመዘምራኑ ሰብሳቢ አንድ ተሸካሚ አስከትሎ በሩ ላይ ደረሰ።

«አዩት እትዬ? እንግዲህ ላሸክመዋ» አለ።

«ይህቺ ልጅ አጥፍታለች» አለች እትዬ ግን።

ማዶ አንገቷን ደፋች። ጋሼ ካውያ ዓይኑን ጨፈነ።

«ሳትሰናበተኝ ሄዳለች። ደንበኞቼን ወስዳለች። ፊት ለፊቴ ሰሌዳ ሰቅላለች። ግን…»

ሾልካ ወጣች። የስንት ቀን ጾም አንድ ትንፋሽ ላይ ፈረሰ። እትዬ ግን ራሷም ሰማቻት፤ አፏን በእጇ ልትይዝ ከጀለች፣ ከዚያ እጇን መልሳ ጨርቁ ላይ አሳረፈችው። በዚያች ክፍል ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ጠበቀ። ጋሼ ካውያ ከዚህች ሴት ጋር በኖረበት ዘመን ሁሉ ከዚያች ቃል በኋላ ድንጋይ እንጂ ሌላ ሲመጣ አላየም።

«ግን ልጄ ናት» አለች። «ጨርቁም የእሷ ነው። እዚሁ ይሰፋል፣ በእሷ መኪና፣ በእሷ ስም።»

«እትዬ፣ ቀኑ እኮ…» አለ ሰብሳቢው፣ ክራቫቱን ማስተካከል ሳይታወሰው።

«አንተ ወደ ልምምድህ። ክር የሚያቀብል ስናጣ እናስጠራሃለን።»

ተሸካሚው ባዶ እጁን ወጣ። ጋሼ ካውያ ካውያውን ሊያመጣ መንገዱን እየተሻገረ ሳለ ነገሩን በልቡ ያገላብጥ ነበር። ቃሏ ያችው ናት። የሰማው ጥፋትም ያው ነው፣ አንዱም አልተቀነሰለትም። ቦታ ብቻ ነው የተቀያየሩት፤ ከፊት የነበረው ወደ ኋላ፣ ከኋላ የነበረው ወደ ፊት። ይህን ለመጋቢው መንገር አለብኝ ብሎ አሰበና፣ አይ፣ ወር ሙሉ ሊሰብክበት ነው ብሎ ተወው።

እትዬ ግን ስትሰፋ፣ እሱ ሲተኩስ፣ ማዶ በደኅና እጇ ቁራጮቹን እያዛመደች ስታቀብል ሰነበቱ። በየመሐሉ ይጨቃጨቃሉ። «ክሩን ከዚህ በኩል ነው የሚያወርዱት?» «መኪናዬ እንዲህ ነው የምትወደው እትዬ።» «ትልመዳ!» ሰላም መውረዱን ጋሼ ካውያ ያወቀው ከጭቅጭቃቸው ነው። ልብሱ ለበዓሉ ደረሰ። ሰብሳቢው ሊረከብ መጥቶ አንገትጌውን፣ እጅጌውን፣ ዘርፉን መረመረ፤ እንከን አጣ፤ የሚቀጥለውም ሥራ የማዶ እንዲሆን በራሱ አንደበት ተናገረ። አከራዩ ያን ቀን በበሩ አልፎ ሲሄድ ስለ ስልክ ነጋዴው አላነሣም።

እትዬ ግን የወለሉን ጥራጊ ይዛ ወደ ውጭ ስትወጣ ማዶና ጋሼ ካውያ ብቻቸውን ቀሩ።

«ያ ወፍራሙ መዘምር ልኩን ሲወሰድ አፍሮ ነበር» አለች ማዶ እየሳቀች። «ትርፍ አለው፣ አይጨነቁ አልኩት።»

ጋሼ ካውያ ጊዜው እንደደረሰ አወቀ። ካውያውን አስቀመጠ፣ ሆዱን ሰበሰበ፣ ቀበቶውን በአውራ ጣቱ ሳብ አደረገ። «እኔ ይኸው ከሠርጌ ቀን ጀምሮ…»

ማዶ የታሸገ እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ሳቋ ግን በጨርቁ ውስጥም ተሰማ።

«ምን ያስቅሻል?»

«ምንም ጋሼ።»

«ተናገሪ እንጂ።»

ልጅቷ ወደ በሩ አየች፣ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እትዬ አስምለውኝ ነበር። ትርፍ ፈትቶ ማስፋት የተማርኩት በምን ይመስልዎታል? በእርስዎ ሱሪ ነው እኮ። በየዓመቱ ታጥቦ ሲመጣ፣ ‹ፍቺው፣ አስፊው፣ የድሮው ስፌት እንዳይታይ አድርገሽ ተኩሺው፤ ለሰውዬው ትንፍሽ እንዳትዪ› ይሉኝ ነበር።»

«ሌላስ?» አለ ጋሼ ካውያ፣ ቀበቶውን ለቆ። «ሌላ ምን ትል ነበር?»

ማዶ አሰበች። «ምንም» አለች። «ይህቺ ደግነታቸው ብቻ ‹ግን› አልነበራትም።»

ወደ ሱቃቸው ተመልሰው ሚስቱ መስተዋቱን ወደ ድሮ ቦታው ስታዞር፣ እሱ ወደ ጓሮው ዞር ብሎ የሱሪውን ወገብ ገልበጥ አድርጎ አየ። የሰውን ልብስ ሁሉ ገልብጦ የሚተኩስ ሰው፣ የራሱን ገልብጦ አይቶ አያውቅም ነበር፤ የእሱን የምትተኩሰው እሷ ናት። ከውስጥ በኩል የድሮ መርፌ የሄደባቸው ቀጫጭን የቀዳዳ መስመሮች አሉ፤ አንዱ ከአንዱ ጎን፣ እያንዳንዱ ከፊተኛው ትንሽ ወጣ ብሎ። ትርፉ አልቆ ሌላ ጨርቅ ተቀጥሎበታል፤ የተቀጠለውም ከውጭ እንዳይታወቅ ከዚያው ዓይነት ቀለም ተፈልጎ ነው። ለእግዚአብሔር እንኳን ጣራው እንደሚያፈስ ሳትነግረው የማታልፍ ሴት፣ ስለዚህ ስፌት ከማዶ በቀር ለማንም ትንፍሽ አላለችም፤ በኩራቱም ጊዜ ክር ለማስገባት ታቀረቅር ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ትፈትሻለህ?» አለች ሚስቱ ከመስተዋቱ ወዲያ።

«ስፌቱ ላልቷል መሰለኝ።»

«አምጣው እንግዲህ፣ ላጥብቀው።»

«ተይው» አለ ጋሼ ካውያ ሸሚዙን ወደ ውስጥ እየከተተ። «ይላላ።»

ሆዱንም፣ ሚስቱ እያየችው፣ ሳይሰበስብ ለቀቀው።